ፋብሪካው ያወጣት፣ ኮልፌ ያቆያት

በቆዩ መኪኖች ወዳጆች ማኅበር ትርዒት ላይ ዳኛ የሚፈርደው በመኪናው ፍጥነት ወይም በገበያ ዋጋው አይደለም። የሚመዘነው መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ከነበረው መልክና ይዘት ምን ያህል እንደራቀ ነው። ይህ መለኪያ የተቀመረው መለዋወጫ እንደ ልብ በሚገኝባቸው አገሮች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን አንዲት ቮልስ ስልሳ ዓመት የምትሞላው በባትላሜራ መዶሻና በበያጅ እጅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ መለኪያውን ከዚህ ኑሮ ጋር ያጋጥማል። ቦታው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ አካባቢ ያለ ጋራዥ ነው፤ ተናጋሪዎቹ አንድ አንጋፋ ባትላሜራና የዳኝነት ደንቦችን ያጠና አንድ ወጣት ናቸው።

ባትላሜራው፦ መኪና መመርመር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ቦሎ ለመለጠፍ መኪና ሁሉ ምርመራ ይገባል፤ ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ ጎማው ይታያል። የትርዒት ዳኛ ከዚህ የተለየ ምን ያያል?

ወጣቱ፦ ጥያቄያቸው ነው የሚለየው፣ ጋሼ። የቦሎ መርማሪ፣ ይህች መኪና መንገድ ብትወጣ ሰው ትጎዳለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። የትርዒት ዳኛ ደግሞ፣ ይህች መኪና ነኝ የምትለውን ናት ወይ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራች ቮልስ ኤሌክትሪኳ 6 ቮልት ነው። ባለቤቷ ሌሊት አልታየኝ ብሎ ወደ 12 ቮልት ቢቀይራት ለመርማሪው ደስታ ነው፤ ለዳኛው ግን ቅናሽ ነው።

ባትላሜራው፦ ስለዚህ የተሻለችው መኪና ትሸነፋለች ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ለመንዳት የተሻለችው ልትሸነፍ ትችላለች። ዳኝነቱ የሚጀምረው ሙሉ ነጥብ በመስጠት ነው። መኪናዋ ሜዳ ስትገባ መቶው በእጇ ነው፤ ከዚያ ዳኛው በየክፍሉ እየዞረ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥንታዊ አውቶሞቢሎች ማኅበር ከ400 ነጥብ ይነሣና አካሉን፣ ውስጡን፣ ሞተሩንና ሻንሲውን ለየብቻ ያያል። የኮርቬት አዳሾች ማኅበር ደግሞ እያንዳንዱን ቡሎንና ገመድ ለመቁጠር ሲል 4,510 ነጥብ መድቧል፤ ከፍተኛው ማዕረግ የሚገኘው ከዚያ ውስጥ 94 በመቶ ሲያዝ ነው። ቁጥሩ በዛም አነሰ አካሄዱ አንድ ነው። ማማር ነጥብ አይጨምርም፤ ስሕተት ይቀንሳል።

ባትላሜራው፦ ታዲያ ቮልስ እዚያ መካከል ምን ትሠራለች? ቮልስ የመምህርና የነርስ መኪና ናት። ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለእይታ ከቀረቡት የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች አጠገብ ብትቆም ማን ዞር ብሎ ያያታል?

ወጣቱ፦ ብርቅ መሆን ነጥብ የለውም። እስከ መጨረሻዋ ቀን፣ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ድረስ፣ 21,529,464 ቮልሶች ተሠርተዋል፤ የመጨረሻዋ የወጣችው ከሜክሲኮው የፑብላ ፋብሪካ ነው። ብዛቷ አይቀንስባትም። መኪኖች በምድብ ስለሚከፈሉ እያንዳንዷ የምትለካው በገዛ ፋብሪካዋ ነው። ሮልስ ሮይስ በሮልስ ሮይስ ልክ፣ ቮልስ በቮልስ ልክ። አንዲት ንጹሕ ቮልስ 98 ልታገኝ ትችላለች፤ መሪዋ የተለወጠ ሮልስ ሮይስ ደግሞ 85 ላይ ሊቀር ይችላል።

ባትላሜራው፦ እሺ፣ ዳኛው መጀመሪያ የቱን ይከፍታል? ኮፈኑን?

ወጣቱ፦ የኋላ ወንበሩን ነው ጋሼ። እሱን የሚያነሣው ግን ባለቤቱ ነው፤ ብዙ ማኅበራት ዳኛ መኪና እንዲነካ አይፈቅዱም፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚያየው። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ መካከል ለመካከል በሚያልፈው ቦይ ላይ ነው። ከፊት፣ ከትርፍ ጎማው ጀርባ ያለች ትንሽ ሳህን ላይም ይገኛል። ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው፤ እዚህ አገር ደግሞ ሦስተኛ ምስክር አለ፣ ሊብሬው።

ባትላሜራው፦ ቁጥሩ ብቻውን ምን ይናገራል?

ወጣቱ፦ ዕድሜዋን ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ 11 ከሆኑ፣ ጣሪያዋ የማይከፈተውን ተራዋን ቮልስ ያመለክታሉ፤ ሦስተኛው የሞዴል ዘመኑ ነው። በ117 የሚጀምር ቁጥር የ1967 ሞዴል ነው። ለፋብሪካው ግን አዲሱ ሞዴል የሚገባው በነሐሴ ወር ነበር። ስለዚህ በፈረንጆቹ ኅዳር 1966 የተሠራች መኪና የ1967 ሞዴል ናት። አውሮፓውያን ይህን ሲያምታቱ ይታያል፤ ዓመቱ በመስከረም ለሚጠባለት ሰው ግን ብዙ አያስቸግርም።

ባትላሜራው፦ ቁጥር ይፋቃል፣ ይመታል። አካሏስ አይናገርም?

ወጣቱ፦ በደንብ ይናገራል። የኋላ መስታወቷን ማየት ይበቃል። እስከ 1953 መጀመሪያ ድረስ መስታወቱ መካከሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 አንድ ሞላላ ሆነ፤ ከ1958 ሞዴል ጀምሮ ሰፊ አራት ማዕዘን ሆነ። ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጅ መለኪያ ካለ መኪናዋ ቢያንስ የ1962 ሞዴል መሆን አለባት፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቤንዚን ሲያልቅባቸው ሹፌሩ በእግሩ መጠባበቂያውን የሚከፍትባት ትንሽ ማንሻ ነበረቻቸው። ሞተሩ ደግሞ ፊደል አለው። ዲናሞው ከተቀመጠበት ሥር ቁጥሩ በዲ ከጀመረ ባለ 1200 ነው፣ በኤፍ ከጀመረ 1300፣ በኤች ከጀመረ 1500። የ1963 ሻንሲ ላይ የኤፍ ሞተር ከተገኘ ዳኛው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ባትላሜራው፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተሯ ያልተቀየረ ቮልስ ተገኝታ ነው እንግዲህ!

ወጣቱ፦ ትልቁ ችግር እሱ ነው፣ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት የእርስዎን ሙያ የሚነካው ክፍል አለ፤ የአካልና የቀለም ፍርድ።

ባትላሜራው፦ እሱን እንኳ ለእኔ ተወው። ስቱኮ የተለጠፈበት በር ከሩቅ ያስታውቃል። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚያየው፤ ፊት ለፊት ምንም አይታይም። ጎንበስ ብሎ ከፋኖሱ ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ በጎን ማየት ነው፣ ጧት ወይም ማታ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል። ላሜራው ላይ የሚንጸባረቀው የአጥር መስመር ቀጥ ብሎ ካለፈ ብረቱ ደኅና ነው፤ ከተንቀጠቀጠ ከሥሩ ስቱኮ አለ። በጣት ኳ ኳ ቢደረግ ደግሞ ብረት ይጮኻል፣ ስቱኮ ድፍን ይላል።

ወጣቱ፦ ኳ ኳው ለዳኛ ክልክል ነው እንጂ የመጀመሪያው በትክክል ዳኞች የሚያደርጉት ነው። ከዚያ ክፍተቶችን ያያሉ። በሩ ከላይ እስከ ታች እኩል ርቀት ይዞ መግጠም አለበት። ፓራፋንጎው ከአካሉ ጋር በቡሎን የሚታሰር ስለሆነ በመካከላቸው የምትገባው ቀጭን ጎሚኒ መኖር አለባት፤ በብየዳ የተያያዘ ፓራፋንጎ ከባድ ቅናሽ ነው። የወለሉ ላሜራም ይታያል፣ በተለይ በቀኝ በኩል ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የሚቀመጥበት። የባትሪ አሲድ የቮልስን ወለል ከሥር የሚበላው እዚያ ነው።

ባትላሜራው፦ የወንበሩ ስፕሪንግ ባትሪውን ነክቶ እሳት የሚነሣውም እዚያው ነው።

ወጣቱ፦ ለዚህ ነው ፋብሪካው በባትሪው ላይ ክዳን ያደረገለት፤ ክዳኑ ከጠፋ ይቀነሳል። የቀለሙ ነገር ግን ብዙ ባለቤቶችን ያሳስታል። ቀለሙ ፋብሪካው ለዚያ ዓመት ካወጣቸው አንዱ መሆን አለበት፤ ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ነበረው፣ ለምሳሌ ኤል 41 ጥቁር፣ ኤል 87 ዕንቁ ነጭ ነው። ከዚያ አልፎ እንደ መስታወት ያብረቀረቀ ቀለም ተጨማሪ ነጥብ አያመጣም። ፋብሪካው ቀለም ብቻ የቀባውን ክፍል ባለቤቱ ኒኬል ቢያስነክረው ስሕተት ተብሎ ይጻፍበታል። የአሜሪካው ማኅበር ደንብ ይህን በጥሩ ሁኔታ ያስቀምጠዋል፦ መኪናው ነጋዴው ለገዢው ሊያስረክበው ይችል የነበረውን መልክ ሊይዝ ይገባል፤ ከዚያ በላይ መሥራት ዋጋ የለውም።

ባትላሜራው፦ ይኼን ደንብ ወደድኩት። ለሠርግ ያጌጠ መኪና መኪና አይደለም። ግን አንድ ነገር ግራ ይገባል። ሁለት ቮልሶች ቢመጡ፣ አንደኛዋ እስከ ዳዶ ድረስ ፈርሳ እንደ አዲስ የተሠራች፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ቀለሟ ደብዝዞ፣ ወንበሯ ተቀዶ፣ ነገር ግን ማንም ያልነካት። በዚህ ሒሳብ የመጀመሪያዋ አታሸንፍም ወይ?

ወጣቱ፦ ለብዙ ዓመታት ታሸንፍ ነበር። ከዚያ ሰዎች አንድ ነገር ገባቸው፤ መኪና ደጋግሞ ሊታደስ ይችላል፣ ያልተነካ የሚሆነው ግን አንዴ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ትልልቆቹ ማኅበራት ሳይታደሱ ለቆዩ መኪኖች የራሳቸው ምድብ አወጡ። እዚያ ዳኛው የፀሐይ ንጣት አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ያለ ምክንያት የተለወጠን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚካሄደው የፔብል ቢች ትርዒት በሙያው ትልቁ ነው ይባላል። የአጠቃላይ አንደኝነቱን ለረጅም ጊዜ እንደ ጌጥ የተወለወሉ የታደሱ መኪኖች ሲወስዱት ኖረው፣ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ያልታደሰ መኪና ወሰደው፤ የ1934 ቡጋቲ፣ ታይፕ 59።

ባትላሜራው፦ የኮልፌ መኪናስ በየትኛው ምድብ ነው የምትገባው? አልታደሰችም፣ ምክንያቱም ማደሻ ገንዘብ አልነበረም። ያልተነካችም አይደለችም፣ ምክንያቱም ሳትነካ አትነዳም። የቀኝ ፓራፋንጎዋ ከበርሜል ላሜራ የተቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። ማርሚታዋ እዚሁ ተበይዷል። ካርቡሬተሯ ከሶማሌ ተራ የመጣ ነው። እንዲህ ያለችውን ዳኛው መቶ ሰጥቶ ሰባ ይቀንስባት ይሆን?

ወጣቱ፦ ደንቡን በደረቁ ለሚያነብ ዳኛ አዎ። የፍርዱ ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው። የዓለም የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ነው። ታሪካዊ መኪና ለመባል ሠላሳ ዓመት መሙላት፣ በታሪኩ ልክ ተጠብቆ መገኘትና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ አለመሆን ያስፈልጋል ይላል።

ባትላሜራው፦ ሦስተኛው ላይ አዲስ አበባ ወደቀች። እዚህ የቆየች መኪና ቤተሰብ ታመላልሳለች።

ወጣቱ፦ ትወድቃለች፤ አንድ የአዲስ አበባ ማኅበር ውድድር ቢያዘጋጅ ይህን መስፈርት እንዳለ መቅዳቱ ሞኝነት ይሆናል። ያው ፌዴሬሽን ግን ሌላ ጠቃሚ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር፣ መኪናው በአገልግሎት ዘመኑ ያገኛቸው ለውጦች የታሪኩ አካል እንደሆኑና ሊጠበቁ እንደሚገባ ይቀበላል። በምደባውም በዘመኑ የተለወጠውን ከዘመኑ ውጭ ከተለወጠው ይለያል። ዳኛው የሚጠይቀው ተለውጧል ወይ ብሎ ብቻ አይደለም፤ መቼ፣ ለምን፣ በማን እጅ ብሎም ይጠይቃል።

ባትላሜራው፦ ምሳሌ ይፈልጋል።

ወጣቱ፦ ሴቼንቶን ይውሰዱ። ፊያት 600 ከጣሊያን ስትወጣ ሰማያዊና ነጭ አልነበረችም። አዲስ አበባ መጥታ ታክሲ ስትሆን ነው ያ ቀለም የተቀባባት። ዛሬ አንዲት ሴቼንቶ ከነታክሲ ቀለሟ ብትገኝ፣ በደረቁ ደንብ ቀለሟ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ባለቤቱ ነጥብ ፈልጎ በፋብሪካው ክሬም ቢያስቀባት ያተርፋል። ከተማዋ ግን ያቺን ሴቼንቶ ታጣለች። በቻርተሩ መንፈስ የሚፈርድ ዳኛ ሰማያዊና ነጩ የዘመኑ ለውጥ ነው ይላል፤ የሚቀንሰውም በተቃራኒው ቀለሙ ከታጠበ ነው።

ባትላሜራው፦ የበርሜሉ ፓራፋንጎም እንደዚያ ይታያል?

ወጣቱ፦ ሁልጊዜ አይደለም። የታክሲው ቀለም ለአንድ ሥራ የተደረገ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የወል ለውጥ ነው። ፓራፋንጎው ግን ቸግሮ የተሠራ ጥገና ነው፣ ጥገናም በጥራቱ ይመዘናል። ኩርባው የፋብሪካውን ቅርጽ ጠብቆ፣ ጠርዙ ተቆልምሞ፣ በቡሎኑ ቦታ በትክክል ከገጠመ አነስተኛ ቅናሽ ነው። ተዛንፎ በስቱኮ ከተሞላ ትልቅ ነው። ትናንት ተሠርቶ የድሮ እንዲመስል በጭቃ ከተቀባ ደግሞ ማታለል ነው።

ባትላሜራው፦ በእጅ ኩርባ ማውጣት ቀላል አይምሰልህ፣ ልጄ። የቮልስ ፓራፋንጎ አንድም ቀጥ ያለ ቦታ የለውም። ከአሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጦ ከመካከል ወደ ዳር፣ ብረቱ እንዳይሳሳ እየዞሩ መምታት ነው። ችኩል የሆነ ሰው መካከሉን ያሳሳዋል፤ ከዚያ ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ብቅ ጥልቅ ይላል።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ይህን የሚለየው ዳኛ የት ይገኛል? ከውጭ በተቀዳ ዝርዝር ውስጥ ይህን የሚመዝን ሣጥን የለም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚፈርዱ ሦስት ዳኞች ቢመደቡ አንደኛው ባትላሜራ መሆን አለበት።

ባትላሜራው፦ ሞተሩን እመለስበታለሁ ብለህ ነበር።

ወጣቱ፦ አዎ። ብራዚልና ሜክሲኮ ቮልስን ከጀርመን በኋላ ለረጅም ዘመን ሲሠሩ ስለቆዩ የእነሱ ሞተርና መለዋወጫ በአሮጌዎቹ ላይ ይገጥማል። ይገጥማል እንጂ ያው አይደለም። በዚህ አገር ደግሞ መንገዱ እየጠበበ ነው። ኤክሳይስ ታክሱ መኪናው ባረጀ ቁጥር ይከብዳል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ኤሌክትሪክ ያልሆነ የግል መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ሌላ ቮልስ አስመጥቶ ለመለዋወጫ መበለት የለም፤ ያሉት ያሉት ናቸው። የተቀየረ ሞተር በሊብሬው ላይ በአግባቡ ከተመዘገበ ዳኛው ነጥብ ይቀንሳል እንጂ መኪናዋን ከምድብ አያስወጣም። ሊብሬውና ሻንሲው ካልተገናኙ ግን ፍርዱ እዚያው ያበቃል፣ ቀለሟ የፈለገውን ያህል ቢያምርም።

ባትላሜራው፦ አንድ መኪና ሳይታደስ ከታደሰ የሚበልጥበት ሌላ ምክንያት አለ መሰለኝ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ናት። ያቺ መኪና ብትገኝና እጄ ላይ ብትወድቅ በሯን እንኳ አላቀናም።

ወጣቱ፦ ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ዳኛው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ሰነድ ነው፤ የሻንሲ ቁጥር፣ የባለቤትነት ሰንሰለት፣ የዘመኑ ፎቶግራፍ። ሰነድ ከሌለ ተረት ነው፤ ሰነድ ካለ ደግሞ የበሯ ጉድጓድ ከአዲስ ቀለም ይበልጣል። ለተራዋ ቮልስም ቢሆን ሰነድ ይጠቅማል። ቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን መኪና ሙዚየም ለቆዩ ሻንሲዎች የልደት ወረቀት ይሰጣል፤ መቼ እንደተሠራች፣ ምን ቀለም እንደነበረች፣ ወደየት አገር እንደተላከች ይጻፍበታል።

ባትላሜራው፦ የውድድሩ ቀን ራሱ ምን ይመስላል?

ወጣቱ፦ አሰልቺ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ዳኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይመጣሉ፤ አንዱ አካል፣ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ሞተር ያያል። ማንም በራሱ ወይም በወዳጁ መኪና ላይ አይፈርድም። ባለቤቱ በር ይከፍታል፣ ኮፈን ያነሣል፣ ፍሬቻ ያበራል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሞተር ያስነሣል። በትልልቆቹ ማኅበራት እሳት ማጥፊያ ያልያዘ መኪና ነጥብ ይጎድልበታል። በጎማ እየተነዳ የመጣ መኪና አቧራ ቢኖርበት አስተዋይ ዳኛ አይቆጥረውም።

ባትላሜራው፦ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁም ይዳኛል?

ወጣቱ፦ በልኩ። እዚህ ላይ ከፍታው ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በፋብሪካው ልክ የተሰካ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩም ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ጎበዝ መካኒክ ጂግለሩን በአነስተኛ ይቀይረዋል። ይህ ከፋብሪካው መራቅ ቢሆንም ከውጭ አይታይም፤ ቢታይም ፋብሪካው ራሱ ለደጋ አገር የሚመክረው ማስተካከያ ስለሆነ አይቀነስም።

ባትላሜራው፦ ሕዝቡስ አይመርጥም? ሰው የሚወደውን ያውቃል።

ወጣቱ፦ የተመልካች ድምፅ የሚባል ለብቻው አለ፤ ሳጥን ይቀመጣል፣ ሰው ወረቀት ይጥላል። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ቀይ ቀለም ነው። ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም።

ባትላሜራው፦ ካለቀ በኋላ ዳኛው የጻፈው ወረቀት የት ይገባል?

ወጣቱ፦ ለባለቤቱ ይሰጣል። ከዋንጫው የሚጠቅመው እሱ ነው፤ እያንዳንዱ ቅናሽ ከነምክንያቱ ስለተጻፈ ለሚቀጥለው ዓመት የሥራ ዝርዝር ይሆነዋል። ወንበሩ የተሳሳተ ጨርቅ ከለበሰ ያስቀይራል፣ ስፖኪዮው የሌላ ዘመን ከሆነ ይፈልጋል።

ባትላሜራው፦ የበርሜሉ ፓራፋንጎ ላይ ቅናሽ ተጽፎ ከሆነስ፣ ነቅሎ የብራዚሉን ይግጠም?

ወጣቱ፦ አይገባውም። ጥሩ ዳኛ ቅናሹን በቁጥሩ ቦታ ይጽፋል፤ ከጎኑ በአስተያየት መስመር ላይ ደግሞ በእጅ የተቀጠቀጠ፣ አሠራሩ ጥሩ፣ አይነሣ ብሎ ያሰፍርበታል።